በር ላይ የዞሩት ቦቲዎች

ባጃጁ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ሚዛን ተፈሪን ከላይ እስከ ታች ሲዞራት ዋለ። «የገዛ ከተማችሁ ታሪክ፣ የባንኩ ዘረፋ፣ እየሳቃችሁ የምታለቅሱበት ፊልም፣ ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ» ይላል ጉሮሮው የተዘጋ ልጅ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ቢላዬን አስቀመጥኩና ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ ወደ አማን እስኪወርድ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። እየሳቃችሁ የምታለቅሱበት አለ እኮ። ያን ቀን እኛ መሳቃችንን ማን ነገረው? ነገሩ ሲሆን የዚህ ልጅ እናት ራሷ ገና ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት የምትመላለስ ኮረዳ ነበረች።

መንግሥት ተለውጦ አዲሱ ገና ያልተለመደበት፣ ጠመንጃ በየሰው ቤት እንደ ዣንጥላ በር ጥግ የሚደገፍበት ጊዜ ነበር። ዓመቱን ጠይቃችሁ አታድክሙኝ። እኔ ዘመን የምለየው በሻይ ዋጋ ነው፤ ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፣ ቦንቦሊኖም እንደዚያው። ሻይ ቤቴ ከባንኩ ፊት ለፊት ነበረች። የጣውላ ግድግዳ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴፕ። ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ሌላ አገር ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሚዛን ፀሐይ ከየት ይምጣ፣ እኔ ምድጃዬ አጠገብ ደርድሬ አሞቀው ነበር። ሲሞቅ ዘፋኙ ነፍስ ይዘራል፣ ሲቀዘቅዝ ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል። ደንበኞቼ ከሸኮ ቡና ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች፣ ከቴፒ በአይሱዙ ጋቢና የሚመጡ ነጋዴዎች፣ ደመወዝ የሚጠብቁ አስተማሪዎች ነበሩ። ነጋዴው ተትረን ሱሪውን ቦቲው ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ከላይ የሱፍ ኮት፣ ከኮቱ በላይ የላስቲክ ካፖርት ደርቦ ይመጣል። ገበሬው ካፖርት ከሌለው የኮባ ቅጠል ራሱ ላይ ይደፋል። ቦቲ ያላደረገ ግን አልነበረም ማለት እችላለሁ። ያ የላስቲክ ቦቲ ጫማ ባይኖር ኖሮ በዚያ ቀይ ጭቃ ላይ ማን ገበያ ይደርስ ነበር? ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ከአንድ ሱቅ የተገዛ ስለሆነ እንዳይምታታ አንዱ ክር ያስርበታል፣ ሌላው በጋለ ምስማር ይበሳዋል። ዛሬ ልጆቹ በነጭ ሸራ ጫማ ሲሄዱ ሳይ ይገርመኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው ለባንኩ ወለል ብዬ ነው። ወለሉ ቀይ ሲሚንቶ ሆኖ በሰም ይወለወላል፤ ፊትህን ታይበታለህ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከሚስቱ ይልቅ ያን ወለል የሚወድ ሰው ነበር። በጭቃ ቦቲ የሚገባ እንዳይኖር አዘዘ። ስለዚህ ሰው ሁሉ፣ ሀብታሙም ድሀውም፣ ቦቲውን በረንዳው ላይ አውልቆ በካልሲ ወይም በባዶ እግሩ ይገባል። ጠባቂው ከድር ነበር። የስልጤ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ ከአፉ የማይወጣ። ልጅ ሆኖ አገሩ መስጊድ በር ላይ ጫማ ይጠብቅ ነበር አሉ፤ ከዚያ የያዘው አመል አልለቀቀውም። ሰው ቦቲውን አውልቆ ሲገባ ከድር ጎንበስ ብሎ ጥንዱን ያነሳና አፍንጫውን ወደ መንገዱ ያዞረዋል። ሰውየው ሲወጣ ሳይጎነበስ፣ ሳይዞር፣ እግሩን ሰክቶ ይሄዳል። ይህን ለመሥራት ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ያቺን አሮጌ ምንሽሩን ግድግዳው ላይ ያስደግፋታል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ያስደግፋል፣ ይጎነበሳል፣ ያዞራል፣ ያነሳል። «ከድሬ፣ አንተ የባንክ ዘበኛ ነህ ወይስ የጫማ?» እለው ነበር ከበረንዳዬ ሆኜ። «የሁለቱም ነኝ አስካለ፣ ደመወዙ ግን የአንዱ ነው» ይለኛል። ሚስቱ ዘይነባ ከሻይ ቤቴ አጠገብ ኮረሪማና ዝንጅብል ትሸጥ ነበርና ስንሳቅበት አብራ ትስቃለች። ሰሚራ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአባቷ በኩል ነው የምታልፈው፤ እሷም ጫማዋን ታወልቅለትና ያዞርላታል፣ ባንኩ ውስጥ ሳትገባ መልሳ አጥልቃ ትመጣለች። ጨዋታቸው ነበር።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነው፣ ረፋዱ ላይ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማህም፤ የሚዛንን ዝናብ ያላየ ይህን አይገባውም። ከቴፒ መታጠፊያ በኩል ሦስት ሰዎች ረጃጅም ካፖርት ለብሰው መጡ። ከድር እንደ ልማዱ ወደ እግራቸው አመለከተ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዓይኔ እያየ ነው የምላችሁ። በረንዳው ዝናብ ያስጠለለው ሰው ሞልቶበታል፤ እምቢ ቢሉ ሰው ሁሉ ሊያያቸው ነው። ጎንበስ አሉና አወለቁ። ያንደኛው ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቶ ነበር፤ እሱን አይቼ ዘይነባን በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። ገቡ። ከድር ምንሽሩን አስደገፈና የሦስቱንም ቦቲ አንድ በአንድ ወደ መንገዱ አዞረ።

ውስጥ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ሽጉጥ ተመዞ፣ ሰዉ ሁሉ በዚያ በሰም በተወለወለ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ ነበር። ከድር በሩ ላይ ቆሞ ምንም አልሰማም፤ ዝናቡ ነዋ። ሁለቱ ጆንያ ተሸክመው ወጡና ቦቲዎቹን ተሻግረው በካልሲያቸው ጭቃው ውስጥ ዘለሉ። አንዱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ተነሳ፣ ካፖርቱ ራሱ ላይ ተገልብጦ መንገዱ ጠፍቶት ዞረ፣ እንደገና ወደቀ። ሻይ ቤቴ በሳቅ ፈረሰች። አንዱ ደንበኛዬ ሻዩ በአፍንጫው ወጣበት። ጠጥተዋል አልን፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተጣልተዋል አልን፤ ብቻ ሳቅን። ሦስተኛው አልሮጠም። በሩ ላይ ቆሞ እግሩን ቦቲው ውስጥ ሰካ፤ ዞሮ ነው የጠበቀው፣ ልክ ገባለት። ከድር አንድ ነገር ሲለው ከንፈሩን አየሁ፤ በእጁ ሰማዩን ያሳየዋል። እስኪያባራ ቆይ ማለቱ ነው፣ ለማንም የሚለው ነገር ነው። በዚህ መሀል ገንዘብ ያዧ በሩ ላይ ወጥታ ጮኸች። ከድር ወደ ግድግዳው፣ ወደ ምንሽሩ ዞረ። የሰውየው እጅ ከካፖርቱ ወጣ። ተኩሱን አልሰማንም። ከድር ቦቲዎቹ መሀል እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ፣ ከዚያ ወደ ጎኑ ጋደም አለ፤ እኛ ግን ገና እንስቅ ነበር። ሳቄ አፌ ላይ እንዳለ ነው ዘይነባ ከጎኔ ተነስታ ስትሮጥ ያየኋት፤ የኮረሪማዋ ሳህን ተገልብጦ ጭቃው ላይ ተበተነ።

ሦስቱም አልተያዙም። በማጂ በኩል ወጥተው ድንበር ተሻገሩ ተባለ። እንግዲህ የሚያዝ ሰው ሲጠፋ የሞተው ተያዘ። ከላይ የመጣው መርማሪ ሻይ ቤቴ ተቀምጦ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ። ጠባቂው ጠመንጃውን ለምን ግድግዳ ላይ አስደገፈ? የሌቦቹ ጫማስ ለምን ለመውጫ ተመቻችቶ ዞሮ ጠበቃቸው? «ጌታዬ፣ ለሁሉም ያዞራል፤ እርስዎም ቢመጡ የእርስዎን ያዞር ነበር» አልኩት። ሻዩን ጨለጠና «የውስጥ አዋቂ ሳይኖር ባንክ አይዘረፍም፣ እናቴ» ብሎኝ ወጣ። ይህቺ ቃል ከአፉ ወጥታ እስከ ማታ ገበያውን አዳረሰች። የውስጥ አዋቂ። የለቅሶው ድንኳን መጀመሪያ ቀን ሞልቶ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን እኔና ሼሁ ነበርን የቀረነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ ቦቲያቸውን በየቀኑ ሲያዞርላቸው የነበሩት እነዚያው ሰዎች «ለካ ለዚህ ኖሯል የሚያዞረው» እያሉ ዘይነባን አይተው እንዳላየ ያልፏታል። ኮረሪማዋን የሚገዛት ጠፋ። ሰሚራን ልጆቹ ትምህርት ቤት «የቦቲዋ ልጅ» ሲሏት ከረሙ፤ በመጨረሻ አክስቷ ጅማ ወሰደቻት። ስትሄድ ለእናቷ «አባቴ ሌባ አይደለም እስኪባል እዚህ አልመለስም» ብላት ሄደች። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች አልን። አልረሳችውም። እዚያው ተማረች፣ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። ዘይነባ ነበረች የምትመላለሰው። ከዚያ ወዲህ ዘይነባ ቤት የእንግዳ ጫማ እንዳወለቁት ይቀራል፤ ማንም አይነካውም።

ከአዲስ አበባ የመጡት የፊልም ልጆች እኔን ያገኙኝ ሰው አመላክቷቸው ነው። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያደረገ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እማማ እያለ እጄን ይስመኛል። ሁለት ከሰዓት ሙሉ ነገርኩት። የመርማሪውን ነገር፣ የድንኳኑን፣ የሰሚራን፣ ከእኛ ሳቅ በቀር አንድም አላስቀረሁም። ቦቲው ጋ ስደርስ ጭኑን መትቶ «እማማ፣ ይሄማ በጣም አሪፍ ነው» አለኝ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። ዘይነባ ግን ፊልም ሊሠራ ነው ስላት ፊቷ በራ። «እውነተኛ ታሪክ ነው አይደል የሚሉት? እውነቱን ካወጡት ሰው ሁሉ ያያል። ሰሚራም ትመጣለች» አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ፊልሙ መቼ ነው እያለች ስትጠይቀኝ ከረመች።

ቅዳሜ አዲስ የሐር ሻርፕ አድርጋ መጣች። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ያን ጊዜ ያልተወለዱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው የበዙት፣ ፈንድሻ ይዘዋል። ሲጀምር ዝናቡን ሳየው ሳቄ መጣ፤ በጎማ የተረጨ ውኃ መሆኑ ያስታውቃል፣ ከጀርባ ፀሐይ ወጥቷል። ቦቲዎቹ ከካርቶን የወጡ አዲሶች ናቸው። ከዚያ ከድር ተብዬው ወጣ። ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለ ወፍራም ሰው ነው፤ ከድርን ያክል ሰንበሌጥ እንዲህ አደረጉት። አማርኛውን እያጣመመ ይናገራል፣ ገና አፉን ሲከፍት አዳራሹ ይንጫጫል። ቦቲ ያሸታል። ከቦቲ ጋር ያወራል። ቦቲ አቅፎ ያንቀላፋል። የዘይነባን እጅ ያዝኩት፤ እሷ ግን ዓይኗን ከመጋረጃው አልነቀለችም። ፖሊስ በታየ ቁጥር ጣቶቿ ጣቶቼን ይጨምቃሉ። ያቺን ቃል ነው የምትጠብቀው። የውስጥ አዋቂ የምትለዋን።

ዘረፋው ላይ ሲደርስ ሌቦቹ በካልሲ ጭቃው ላይ ሲንፏቀቁ ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ተገለበጡ፣ ሦስት ጊዜ ነው የሚያስወድቋቸው። ሳቁ ሳያልቅ ተኩሱ ጮኸ። ወፍራሙ ሰው በዝግታ ወደቀ፣ ማሲንቆ መጣ፣ ሁሉ ነገር ልቅሶ ሆነ። አዳራሹ ግን ሳቁን ማቆም አልቻለም። ከኋላ የሚያፏጭ አለ፣ ከፊት «ዝም በሉ» የሚል አለ። ከጀርባዬ አንዱ ተማሪ ለጓደኛው «ፊልሙ ቅጥ የለውም፣ ወይ ኮሜዲ ይሁን ወይ ትራጄዲ፤ እንዲህ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር የት አለ?» ይለዋል። ዞሬ አንድ ነገር ልለው ምላሴ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ፊልም ውስጥ እውነቱ ያ ብቻ ነው። ልክ እንደዚህ ነበር፤ እኛም አፋችን ሳይዘጋ ነው የሞተብን። ውሸቱ ሌላው ነው። ከድር ጅል አልነበረም። ገበሬው ባንክ ገብቶ አማርኛው ሲያጥርበት ዝቅ ባለ ድምፅ በቤንችኛ የሚያስረዳው፣ ሁለት ነጋዴ ሲጣላ መሀል ቆሞ የሚያስታርቅ ሰው ነበር። በመጨረሻ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ የሚሠራው ሰው ሬሳው አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና «ምስኪን፣ ምንም የማያውቅ ሰው» አለ። አለቀ። መብራት በራ።

ውጭ ስንወጣ እውነተኛው ዝናብ እየወረደ ነበር። ዘይነባ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ ፊቷ ደርቋል።

«ሰማሽው አስካለ? ምንም የማያውቅ ሰው አሉት» አለችኝ።

«ጅል አደረጉት እኮ ዘይነብ። መሳቂያ አደረጉት።»

«ያድርጉት። ጅል ባንክ አያስዘርፍም።»

አብረውን የወጡት ልጆች በካልሲ የሚሮጠውን ሌባ እየመሰሉ ኮብልስቶኑ ላይ ይንፏቀቃሉ። ዘይነባ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ስልኳን አወጣች። «ሃሎ ሰሚራ። አየሁት። ሳቁበት፣ በጣም ነው የሳቁበት። ሌባ ግን አላሉትም። ስሚኝ ልጄ፣ አላሉትም። በቃ ነይ» ስትል ሰማኋት። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ደስ ብሎኝ አይደለም። የሰውየውን ስም ለማጥራት ሰውየውን መሸጥ ነበረባት፤ ዓይኗ እያየ ሸጠችው፣ ዋጋውም ተስማማት። ያን ሁሉ ዓመት ከድሬን በቁም ነገር የጠቀሰ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን አትቀበልም ነበር።

ሰሚራ ለአረፋ መጣች። ልጆቿን ይዛ፣ ባሏን ይዛ። የአባቷ አፍንጫ ነው ያላት፣ ቁመናዋም የሱ። ዘይነባ ቤት ተሰብስበን ዋልን፤ ያን ጊዜ ከድንኳኑ የቀሩትም ጭምር መጡ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ፊልሙን እያነሱ። «አባትሽ እንዴት የሚያስቅ ሰው ነበር» ይሏታል። ሰሚራ ፈገግ እያለች ምግብ ታቀርባለች። አንዷን ሴት አንገቷን ይዤ ከቤት ላስወጣት ምንም አልቀረኝም፤ ለዘይነባ ስል ዋጥ አደረግሁት።

ሰው ሊበተን ሲል እኔ ለመሄድ ቀድሜ ስነሳ፣ ጉልበቴ ዛሬ ዛሬ እያስቸገረኝ ግድግዳ ይዤ በሩ ጋ ደረስኩ። ጫማዬ ወደ መንገዱ ዞሯል። ደነገጥኩ። በዚያ ቤት ጫማ ከተነካ ስንት ዘመኑ ነው? ዘይነባን አየኋት፤ እሷም ጫማዎቹን እያየች እጇ አፏ ላይ ሆኗል። ሰሚራ ከደጃፉ ደረጃ ላይ ቁጢጥ ብላ የመጨረሻውን ጥንድ ይዛለች። የሁሉንም አዙራ ኖሯል፤ የሚያስቅ ሰው ነበር ያሉትንም ጭምር።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ በደንብ አይተውታል» አለችኝ ቀና ሳትል። «እንዲህ ነበር የሚያደርገው?»

«አንዱን ካንዱ ትንሽ ያራርቀዋል፤ እግር እንዲገባበት።»

አራራቀችው። «እንዲህ?»

«አዎ፣ እንዲህ።»

ከዚያ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው የኖረችውን ነገር ጠየቀችኝ።

«የሦስቱንም እንዲሁ ነበር ያዞረላቸው?»

«የሦስቱንም» አልኳት። «ለማንም እንደሚያዞረው።»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እኔም እግሬን ሰካሁ፤ ሳልጎነበስ ገባልኝ።